አሥራ አንድ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ስም

ይህን ነገር ያጫወተችኝ እናቴ ደስታነሽ ናት። ቦታው ላይ ስለነበረች የሰማችውን ሳይሆን ያየችውን ነው የነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድሁም፤ ታላቅ እኅቴ አደይ ግን ከአሥራ አንዱ ልጆች አንዷ ነበረች። እንግዲህ ልጆቼ፣ የነበርሁበት አስመስዬ ባወራ አትታዘቡኝ። አንድን ነገር ደጋግሞ እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ያደርገዋል።

አገራችን አፋፍ ሚካኤል ይባላል። ከጅጋ ገበያ ተነሥቶ ወደ ቋሪት ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በመካከሉ ወንዝ አለ፤ ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም። ያን ጊዜ ሠላሳ ጭስ የማትሞላ አገር ነበረች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች፤ ትምህርት ቤት የምንላት እሷን ነው። መምህሩ የኔታ ገብረሰንበት ይባላሉ። ትውልዳቸው ፈረስ ቤት ነው፤ አፋፍ ሚካኤል ከመጡ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቄሱም እሳቸው፣ መምህሩም እሳቸው፤ ልጆቹን ራሳቸው አጥምቀው፣ ራሳቸው ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት ያደርሷቸዋል። ከእሳቸው በቀር በዚያ አገር ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ከጥሊያን በፊት ትምህርት ቤቱ የሚኖረው በመሬት ነበር። መንግሥት ለሚያስተምር ሰው ብሎ የሰጠው አራት ጥማድ መሬት ከጎጆዋ በላይ አለ፤ የመምህር መሬት ይሉታል። የሚያስተምረው ሰው ይበላዋል፣ ማስተማር የተወ ዕለት ይለቃል። የሚያርሰው ደብሩ ነው፣ በየተራ። ጥሊያን ሲገባ መጀመሪያ በሬዎቹ ተነዱ፤ ቀጥሎ ከጎልማሳው የሚበዛው ጫካ ገባ። የቀረው ሰው የራሱን ማሳ እንኳ ማዳረስ አቃተው። የመምህሩ መሬት ሁለት ዓመት ጦም አደረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የመስቀል ማግስት፣ የኔታ ወላጆቹን ሰበሰቡና «እንግዲህ እኔም አገሬ ልግባ» አሉ። ማኩረፍ አይደለም። የሚበላ የለም፤ ይኸው ነው። ልጆቹ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ አደይ መልእክተ ዮሐንስን ጀምራለች፣ ሁለቱ ዳዊት ይዘዋል፣ የቀሩት አቡጊዳ ላይ ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ሁሉም በያለበት ይቀራል ማለት ነው።

ጭቃ ሹሙ ላቀው ከጅጋ ገበያ ወሬ ይዞ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ላቀው ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ግብር ሲሰበስብ እንኳ እያሳቀ ነው የሚሰበስበው ይላሉ።

«የኔታ፣ ጓዝዎን ይፍቱት» አለ። «አዋጅ ተነግሯል። ፊደል የሚያስቆጥር ደብር ሁሉ የልጆቹን ስም ጽፎ ቡሬ ላለው የጥሊያን ሹም ይላክ ተብሏል። በየወሩ ሁለት ጆንያ የፉርኖ ዱቄት ይሰጣል። ጨውም አለው።»

«ለሁሉም?»

ላቀው ራሱን አከከ። «ሃያ ልጅና ከሃያ በላይ ላለው። ከሃያ በታች ያለው ትምህርት ቤት አይባልም ነው ያለው ነጋሪው።»

«እኛ አሥራ አንድ ነን።»

«ከነአደይ?»

«ከነአደይ።»

«እንዲያ ከሆነ አደይን ሁለት ጊዜ እንቁጠራት፣ ምላሷ ለሁለት ይበቃል» አለ። እናቴ ሳቀች፤ የኔታ ግን አልሳቁም። ውሸት ጽፌ ስሜን ከሥሩ አላኖርም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት እውነቱን ጽፎ መለመን ላይ ነው። ሩቅ ነን፣ ጥቂት ነን፣ ወንዙ አያሻግረንም፣ ከሌላው ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩን ለማለት።

አዋጁ ስሙ በካህኑም በጭቃ ሹሙም በኩል ይምጣ ስላለ ወረቀቱ ሁለት ሆነ። የኔታ ልመናውን ጻፉ። የእሳቸው ነገር፣ ሰላምታው ብቻ የገጹን ግማሽ ይዟል አሉ፤ አሥራ አንድ መሆናችን የሚገኘው ወደ ታች ነው። ከዚያ የልጆቹን ስም ካህን እንደሚጽፈው አድርገው ጻፉ፣ በክርስትና ስማቸው። ላቀው ደግሞ ፊደል ስለማያውቅ ጅጋ ወርዶ ገበያ ዳር ለሚቀመጠው ጸሐፊ ልጆቹን እኛ እንደምንጠራቸው አድርጎ አስጻፈ። ታከለ፣ አደይ፣ ተስፋው፣ ምትኩ እያለ አሥራ አንዱንም። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ስንጥቅ ዘንግ አስገብተው ወደ ቡሬ ለሚሄድ ሰው ሰጡ። አንዱ የሌላውን አላነበበም፤ ላቀው ፊደል አያውቅ፣ የኔታም ያው አሥራ አንዱ ስም ነው ብለው አላዩትም።

በኅዳር አጋማሽ አጋሰሶች መጡ። ሁለት ጆንያ ዱቄት፣ ጨውም እንደተባለው። ነጂው «ለአፋፍ ሚካኤል፣ ለሃያ ሁለቱ ልጆች» አለ።

«ለስንቱ?» አሉ የኔታ።

«ለሃያ ሁለቱ። እንዲያ ነው ያሉኝ።»

የኔታ ወደ ላቀው ዞሩ። «ላቀው፣ ምን ብለህ አስጻፍህ?»

«በሚካኤል! አሥራ አንድ ብዬ አሥራ አንድ!» አለ ላቀው። «ሹሙ ልመናዎን አይቶ አዝኖ ይሆናል። የእርስዎን ሰላምታ አንብቦ ማን ያላዝናል?»

የኔታ ይጠየቅ አሉ። ላቀው ጠይቀን ሊወስዱት ነወይ አለ። እናቶቹም ከላቀው ጋር ሆኑ፤ እናቴ ይህን አልደበቀችኝም። ዱቄቱ ሲራገፍ ከጆንያው የሚበነው ብናኝ እንኳ ይጠረግ ነበር አለችኝ። ከኅዳር እስከ የካቲት አራት ወር እንዲህ ተበላ። የኔታም ጓዛቸውን ፈቱ። አደይ መልእክቷን ጨርሳ ዳዊት ያዘች።

የካቲት ላይ ወጀት አካባቢ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለው ነው፣ አርበኞች የጥሊያን ስንቅ መንገድ ላይ መቱ። ከመቱትም መካከል ጢም ያላወጡ ልጆች ታይተዋል ተባለ። በዚህ የተነሣ የቡሬው ሹም ዱቄት የሚበላውን ልጅ ሁሉ በየደብሩ እየዞረ ሊቆጥር ተነሣ።

አፋፍ ሚካኤል የደረሰው በጾሙ መካከል፣ በረፋድ ነው። በበቅሎ ነው የመጣው፤ ሃያ የሚሆን ወታደርና አንድ አስተርጓሚ ይዟል። አስተርጓሚው ለእኛ አገር ሰው ባዳ አይደለም። አብዱልሀኪም ይባላል፤ ጅጋ ገበያ ጨውና አቡጀዴ የሚሸጠው የቡሬው ነጋዴ የጁማ ልጅ ነው። በንግድ የጥሊያን ቋንቋ ለምዶ ነው ጽሕፈት ቤት ያስገቡት። እናቴ ለመቀነት የሚሆን ጥለት ከአባቱ በዱቤ ትወስድ ነበር።

ልጆቹ በጎጆዋ ፊት ተሰለፉ። አብዱልሀኪም ከወረቀት ላይ ይጠራል፤ ሹሙ በጣቱ ይቆጥራል።

«ታከለ!»

«አቤት!»

«አደይ!»

«አቤት!»

እንዲህ እያለ አሥራ አንዱም አቤት አሉ። ወረቀቱ ግን አላለቀም።

«ወልደ ገብርኤል!»

«አቤት!» አለ ታከለ።

የኔታ ለቁርባን በክርስትና ስማቸው ሹክ ሲሏቸው አቤት እንዲሉ ስለተማሩ፣ ልጁ ያጠፋው ጥፋት የለም። ሹሙ ግን ታከለን ቀድሞ አይቶት ነበር። ወረቀቱን ከአብዱልሀኪም እጅ ነጠቀና ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

አብዱልሀኪም ወደ የኔታ ዞረ። «የሌለውን ልጅ ተክቶ መለሰ ይላል። የተጻፉት ሃያ ሁለት፣ ያሉት አሥራ አንድ። የቀሩት አሥራ አንዱ ጫካ ናቸው፣ ዱቄቱም ለእነሱ ነው የሚሄደው ይላል። የኔታ፣ እርስዎን እሰሩ እያለ ነው።»

ሁለት ወታደሮች ያዟቸው። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የጁማ ልጅ፣ ያን ወረቀት ደኅና አድርገህ ተመልከተው» አሉ። «ወልደ ገብርኤል ማለት ታከለ ነው። እኔ የክርስትና ስማቸውን ጻፍሁ፣ ላቀው የቤት ስማቸውን አስጻፈ። አሥራ አንዱ ልጆች ናቸው ሁለት ጊዜ የተጻፉት። እኔ አሥራ አንድ ነን ብዬ በደብዳቤ ጽፌ ነበር እኮ፣ ደብዳቤውን ያነበበ ሰው የለም?»

እናቴ ያን ጊዜ የአብዱልሀኪምን ፊት አየችው፤ እንደ አመድ ነበር። ኋላ የነገራት ራሱ ነው። ቡሬ ላይ ሁለቱን ወረቀት ተቀብሎ በጥሊያን ፊደል የገለበጠው እሱ ነው። ሁለት ሰው የጻፈው፣ ስሙም ሌላ ሌላ ስለሆነ የሁለት መንደር ልጆች መስለውት አንዱን ከአንዱ በታች አስከትሎ ጻፈው። የየኔታን ሰላምታ ደግሞ እስከ መጨረሻው አላነበበውም። እስላም ልጅ ነው፤ አንድ ስም አለው፣ እሱኑ እየተጠራ ይኖራል። ክርስቲያን ጎረቤቶቹ ሁለት ስም እንዳላቸው አያውቅም አይባልም፤ ያን ዕለት ግን አላሰበውም።

ለሹሙ ተረጎመለት። ሹሙ ሳቀ፤ በነሱም አገር ጥምቀት አለ፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም። ነገር ግን ቄሱ ስለተናገረ ብቻ አላምንም አለ። ልጆቹ ጎጆ ይግቡ፣ ቄሱ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ከወታደር ጋር ይቀመጥ፣ ያልመጡትም እናቶች ከየቤታቸው ይጠሩና እያንዳንዷ የልጇን ሁለቱንም ስም በአፏ ትናገር። ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ቄሱ ይፈታል። አንድ ስም እንኳ ባለቤት ካጣ ቄሱ ቡሬ ይወርዳል። ቡሬ የወረደ ሰው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር።

አሁን የዛሬ ልጆች ይህ ነገር ምኑ ይከብዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ልንገራችሁ። የክርስትና ስም የሚጠራው ሰው ሲቆርብና ሲሞት ነው። ከዚያ ውጭ እናት ደብቃ ታኖረዋለች። መተት የሚሠራ ሰው የቤት ስም ይዞ ምንም አያደርግም፤ የክርስትና ስሙን ያገኘው ዕለት ግን ሰውየውን በእጁ አደረገው ማለት ነው። እንዲያ ነበር የሚታመነው። በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ስለዚህ የልጅሽን የክርስትና ስም በጥሊያን ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በወታደር ፊት ተናገሪ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እናቶቹ ተሰብስበው አብዱልሀኪም ነገራቸው። ቀድማ የተናገረችው አቻምየለሽ ናት።

አቻምየለሽ ባሏ ሞቶባታል። አራት ልጅ ወልዳ አራቱንም ቀብራለች። አምስተኛው ምትኩ ነው፤ የክርስትና ስሙ ከተጠመቀበት ዕለት ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ክርስትና ያነሣውን ሰው እንኳ አስምላዋለች ይባላል።

ወደ ዛፉ ዞራ ተጣራች። «የኔታ! ጻፉት?»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ።

«የልጄን ስም ወረቀት ላይ ጻፉት? ለጥሊያን?»

«አቻምየለሽ ልጄ፣ ካህን ስም ሲጽፍ ...»

«ካህን ስም ሲጽፍ ምን? እኔ የሰጠሁዎት ለእግዚአብሔር እንዲነግሩልኝ ነው፤ ለቡሬ ነው እንዴ!»

ላቀው ጣልቃ ሊገባ ሞከረ። «እኅቴ፣ አሁን ሰውየው ሊወሰዱብን ነው እኮ ...»

«አንተ ዝም በል! አንተ ደግሞ በቤት ስሙ አስጽፈህልኛል። በሁለቱም በኩል ሸጣችሁኝ።»

ላቀው ወደ ኋላው ተመለሰ።

መጀመሪያ የቀረበችው እናቴ ናት። ሌላዋ እንድትከተል ብላ ነው። «በቤት አደይ። በቤተ ክርስቲያን እኅተ ማርያም» አለች፤ የመጨረሻውን ዝቅ አድርጋ። ሹሙ አማርኛ ባይሰማም ስሙን ጆሮው ይይዛል፤ በወረቀቱ ላይ ፈልጎ ሁለቱን በእርሳስ መስመር አገናኛቸው። ከዚያ የታከለ እናት፣ ከዚያ ሌላዋ። አንዷ እያለቀሰች ተናገረች። አንዷ ቶሎ ብላ ተናግራ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ አለች፤ ወታደሮቹ ሳቁባት።

ተስፋው እናት የለውም፤ ያሳደጉት አያቱ አያ ክንዱ ናቸው። ቀርበው ቆሙ። «በቤት ተስፋው» አሉ። «በቤተ ክርስቲያን ... ገብረ ... ገብረ ...»

«ገብረ ማን?» አለ አብዱልሀኪም።

«ቆይ እንጂ ልጄ። ገብረ ... የክርስትናው ዕለት እኮ ጠላው በዛ። እኔ ምን ላድርግ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው።»

ሹሙ ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። አብዱልሀኪም ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ። ዛፉ ሥር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ወታደሩ ደግሞ እንዳይናገሩ አፋቸውን ያያል። አያ ክንዱ ሰማይ አዩ፣ መሬት አዩ፣ በመጨረሻ ጉልበታቸውን መቱ። «መድኅን! ገብረ መድኅን! በዓለ መድኀኔ ዓለም ነበር እኮ ዕለቱ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ።

አሥሩ አለቀ። ወረቀቱ ላይ ያልተገናኘ የቤት ስም ምትኩ ብቻ ቀረ፤ ከታች ደግሞ አንድ ስም።

አቻምየለሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እናቴ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት። «አቻሜ፣ እኔም ተናገርሁ እኮ» አለቻት።

«አንቺ አምስት ልጅ አለሽ» አለች አቻምየለሽ። እናቴ ክንዷን ለቀቀቻት።

ሹሙ ሰዓቱን አየ፤ ወታደሮቹ የኔታን አስነሡ። ያን ጊዜ አቻምየለሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፊት ሄደች። «እነግራለሁ» አለች። «ግን ለዚህ ለእስላሙ ልጅ ነው፣ በጆሮው። ለሌላ ሰው አልናገርም። እሱ ደብተራ ዘመድ የለውም፣ ስሙም ምንም አይሠራለትም።»

የአገሩ ሰው አልገረመውም። እንዲያውም ልክ ነች ብሎ ራሱን የነቀነቀ ብዙ ነው። የክርስትናን ስም ከእስላም የበለጠ ማን ጋ ደኅና አድርገው ያኖሩታል?

አብዱልሀኪም ጎንበስ አለላት። ነጠላዋን በጆሮውና በአፏ መካከል ጋርዳ ተናገረች። ምን እንዳለችው ለእናቴ የነገራት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጥሊያን ከወጣ፣ እሱም ጅጋ ላይ የራሱን ሱቅ ከከፈተ በኋላ ነው። ያለችው እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ አልነግርህም። የቀረው አንድ ነው፤ ራስህ ፈልገህ ንካው።»

ቀና አለ። ከዚያ ጣቱን ሰድዶ ከታች የቀረውን ስም ነካ።

ሹሙ ሞኝ አልነበረም። የመጨረሻውን ማንም ሰው ያውቀዋል አለ፤ በራሷ አፍ ጮክ ብላ ትናገር። አብዱልሀኪም ተረጎመላት። አቻምየለሽ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የምትኩ ድምፅ ከጎጆው ውስጥ ይሰማል፤ ልጆቹ ፈርተው የሚያውቁትን ሁሉ አንድ ላይ እየጮኹ ያነቡ ነበር።

አብዱልሀኪም ለሹሙ ለብቻው ብዙ ተናገረ። ኋላ እንዳለው፣ በአገራችን ሥርዓት ዋስ የሚባል ነገር እንዳለ ነው ያስረዳው። ይህች ሴት ነግራኛለች፣ እኔ ዋሷ ነኝ፤ ነገ አሥራ ሁለተኛ ልጅ ከጫካ ቢገኝ የምትይዘው እኔን ነው። ሁለቱን ወረቀት ያምታታሁትም እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለው። ይህን ሲል ከጽሕፈት ቤቱ እንደሚባረር እርግጠኛ ነበር። እናቴ ታዲያ ለምን አደረግኸው ብላ ብትጠይቀው፣ «እታለም፣ እኔ ያበላሸሁትን ሰውየው ሊታሰርበት ነው እንዴ?» አላት። ሌላ ምክንያት አልሰጣትም።

ሹሙ ዋስነቱን ተቀበለ። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ ምትኩን ከመጨረሻው ስም ጋር አገናኘ። ቀጥሎም ከታች ያሉትን አሥራ አንድ ስሞች፣ የክርስትናዎቹን፣ አንድ በአንድ ሰረዛቸው።

«አጠፋው?» አለች አቻምየለሽ።

«አጠፋው።»

«ደኅና አድርጎ ያጥፋው በለው።»

አብዱልሀኪም ምን ብሎ እንዳስመሰለው አላህ ይወቅ፤ ሹሙ የመጨረሻውን ስም ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ደገመበት።

የኔታ ተፈቱ። ሹሙ ግን ከበቅሎው ላይ ሆኖ የቀረውን ተናገረ። እንግዲህ አሥራ አንድ ናችሁ፤ አሥራ አንድ ሃያ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ዱቄት የለም። ልጆቻችሁ ጅጋ ይውረዱ፣ እዚያ አርባ ልጅ ያለው ትምህርት ቤት አለ።

«ወንዙንስ?» አለች እናቴ። «ክረምት ሲሆን ወንዙን ማን ያሻግራቸዋል?»

አብዱልሀኪም ተረጎመ። ሹሙ ወንዙን እንደማያውቀው ተናገረ። ለተበላው ትርፍ ዱቄት ካሣ ብሎ የኔታ የነበረቻቸውን አንዲት በቅሎ አስፈትቶ አስነዳ፤ ሄዱ።

ሰዉ ቆሞ ቀረ። የኔታ ወደ ጎጆዋ ገቡ። ዳዊታቸውን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ዘንጋቸውን ያዙ። ጓዝ የሚባለው ይኸው ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ አቻምየለሽ ቆማበታለች።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«አገሬ ልግባ ልጄ። ዱቄቱ ቀረ። ለናንተም ያተረፍሁላችሁ ችግር ነው። ይቅር በይኝ፣ ስሙን መጻፍ አልነበረብኝም።»

«ይቅርታውን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። የልጄን ስም ይዘው ነው የሚሄዱት?»

የኔታ አልገባቸውም። «ምን ላድርገው? ከራሴ አላወጣው ነገር ...»

«እኮ! ከራስዎ አይወጣም። እኔ እዚህ ተቀምጬ እርስዎ የልጄን ስም ይዘው ፈረስ ቤት ሊገቡ? ነገ ደግሞ ሌላ ሹም ይመጣል፣ ሌላ ወረቀት ይላካል፣ ደብዳቤ መጻፍ እንደሆነ ይወዳሉ። አይሄዱም።»

«አቻምየለሽ፣ የምበላው የለኝም።»

«ይበላሉ። እዚሁ ዓይኔ ሥር ሆነው ይበላሉ።» ዞር አለች። «ደስታነሽ! ያ በሬሽ አለ?»

«አለ» አለች እናቴ። ከተነዱት የተረፈ አንድ በሬ ነበራት፤ አቻምየለሽም አንድ ነበራት። ሁለቱ እስከዚያ ቀን አብረው ተጠምደው አያውቁም፤ የእናቴ ተዋጊ ነው ይባል ነበር።

«ነገ ይምጣ። ከኔው ጋር ይጠመድ። የመምህሩ መሬት ይገለበጥ።»

«ማን ሊያርሰው?» አለ ላቀው ከኋላ ሆኖ። «ጎልማሳው ሁሉ ጫካ ነው።»

አቻምየለሽ ዞራ አየችው። ላቀውም ገባው። «እኔ ጭቃ ሹም ነኝ እኮ» አለ።

«ጅጋ ድረስ ወርደህ ስም ስታስጽፍ ጭቃ ሹም መሆንህ እግርህን አልያዘውም» አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ የኔታም ሳይቀሩ።

በማግስቱ ላቀው አረሰ። የእናቴ በሬ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ጊዜ ቀንበር ሰበረ፤ ከዚያ ለመደ። አያ ክንዱ ዘሩን ሰጡ። ሌሎቹ እናቶች ሰብሉ እስኪደርስ ድረስ የየኔታን ምግብ በሳምንት በሳምንት ተካፍለው ያዙት፤ ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቀላል ነበር አልላችሁም፤ እናቴ ያን ክረምት እራት ያልበላችበትን ቀን ታስታውስ ነበር። በኅዳር ገብሱ ደረሰ። ከአራቱ ጥማድ የተዘራው ሁለቱ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለአንድ መምህር ይበቃል።

አብዱልሀኪም ከጽሕፈት ቤቱ ተባረረ፤ ከዚያ የባሰ አልደረሰበትም። አደይ ዳዊት ደገመች። ምትኩ አድጎ ድቁና ተቀበለ፤ የክርስትና ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

የኔታ ጥሊያን እስኪወጣ፣ ከዚያም በኋላ እዚያው አስተማሩ። በየቅዳሜው አቻምየለሽ ወደ ጎጆዋ ብቅ ትላለች፤ ልጇን ለማየት ይመስል ነበር፣ የምታየው ግን እሳቸውን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ፈረስ ቤት ሄደዋል፣ ለእናታቸው ተዝካር። መጀመሪያ እቤቷ ድረስ ሄደው አስፈቀዷት። ሦስት ቀን ሰጠቻቸው።